አጭሯ ላባ

በጎረቤት አገር ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በከተማዋ የማይፈራ ሰው ቢኖር ጨቅላና ሰካራም ብቻ ነበር። ሰካራሙም ቢሆን ድፍረቱ የማታ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ እንደማንኛውም ሰው ሬዲዮኑ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። ወራሪው ጦር ጥሶ የገባው የጎረቤትን ድንበር ነው እንጂ ወደዚህ ማዶ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ ገበያተኛው ይበተናል፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም እናቶች ልጆቻቸውን ከደጅ ይሰበስባሉ። ሻማና ክብሪት ከሱቅ ጠፋ፤ የትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ተጠርጎ አሸዋ የሞላ ጆንያ ተደረደረበት። በየሻይ ቤቱ «ከእነሱ ቀጥሎ ተራው የእኛ ነው» የሚል አይጠፋም፤ «እኛን ደግሞ ምን ብለው?» የሚልም አለ፤ ሁለቱም ሻያቸውን ሳይጨርሱ ይነሳሉ።

ባለቀስቱም ከፈሪዎቹ አንዱ ነበር። ይህን ስም ያወጡለት የመንገድ ሥራ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከከተማዋ እስከ ድንበሩ ያለውን የመንገድ ታፔላ ሁሉ የጻፈው እሱ ነውና። ሃምሳን ተሻግሯል፤ ትዳር አልያዘም። እናቱ «አንተ እኮ ታፔላ አግብተህ ነው የቀረኸው» ይሉታል፤ እሱም «ታፔላ አይጨቀጭቅም» ብሎ ይመልሳል። የሚሠራባት ክፍል ከጋራዡ ጀርባ የተደበቀች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ዕድሜ ልኩን ብሩሽ ሲጠርግበት የኖረ ስለሆነ ከወለል እስከ ራስ ድረስ ዝንጉርጉር ነው። የአኳራጁና የዘይት ቀለሙ ሽታ ልብሱን አልፎ ቆዳው ውስጥ ገብቷል፤ እናቱ ገና በሩን ሳይከፍት መምጣቱን በአፍንጫቸው ያውቃሉ።

የእሱን ቀስቶች ከሌላ ሰው ቀስት የምትለይ አንዲት ምልክት አለች። ከቀስቱ ጭራ ላይ ሦስት ላባ ይስላል፤ ሦስተኛዋ ግን ሁልጊዜ ታጥራለች። ነገሩ የመጣው ከታናሽ እህቱ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍሎት ታፔላ ሲጽፍ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ይዛ ከጎኑ የቆመችው እሷ ነበረች። ዝንብ ላባርር ስትል ክርኑን ገፋችውና ሦስተኛዋ ላባ በግማሽ ቀረች። ልጅቷ ደንግጣ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየና «ተያት፣ እንዲህ ነው የምታምረው» አላት። ከዚያ ወዲያ የጻፈው ሁሉ ላባው አጭር ሆነ። ስንት ኃላፊ ተሾመ ስንት ተሻረ፣ ይህን ያስተዋለ የለም። እህቱ ድንበር ማዶ አግብታ ከሄደች በኋላም፣ ለጥየቃ በአውቶቡስ ስትመጣ፣ በመስኮቱ ታፔላውን እያየች ትመጣና ገና ደጅ ሳለች «ጋሼ፣ ዛሬም ላባህን አላሳደግካትም?» ትለዋለች። እናትየው የሁለቱ ሳቅ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ይስቃሉ።

አንድ ጠዋት ከድንበር ጥበቃ የመጣ የመቶ አለቃ በኃላፊው ቢሮ ስብሰባ ጠራ። የተጠሩት ኃላፊው፣ ባለቀስቱና ብሎኔ የሚባለው መካኒክ ብቻ ናቸው። የመቶ አለቃው ወጣት ነው፤ ከዓይኑ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት ወርዶበታል፤ ሲናገር ድምፁን አያነሳም።

«ከድንበር እስከ ከተማ ያለው ታፔላ በሙሉ ይነቀል» አለ። «ጠላት ከመጣ መንገዱን እኛው ጽፈን አንሰጠውም።»

ባለቀስቱ ሆዱ ባባ። የተነቀለ ታፔላ ዕጣ ፈንታውን ያውቃል፤ ግቢው ጥግ ተጥሎ ይዝጋል፣ ሲሰነብት አንዱ ላሜራውን ወስዶ የዶሮ ቤት ጣሪያ ያደርገዋል። የዕድሜ ልክ ሥራው ዶሮ ሊያድርበት ነው። አፉ ቀደመውና፣

«ከመንቀል ማዞር አይሻልም?» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ከጀመረ አይቀር ብሎ ቀጠለ።

«የተነቀለ ታፔላ ሰውን ያነቃል። ባዶ ምሰሶ ያየ ቆም ብሎ ያስባል። ታፔላው ካለ ግን አያስብም፣ ይሄዳል። የአገሩ ሰው እንደሆነ መንገዱን ያውቀዋል፣ ምን ብሎ ያነባል? ታፔላ የሚያነብ እንግዳ ብቻ ነው።»

የመቶ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ኃላፊው ሐሳቡ የእሱ የሆነ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ብሎኔ ደግሞ የባለቀስቱን ጀርባ መታ መታ እያደረገ «አንተ እኮ ጄኔራል መሆን ሲገባህ ቀለም ስትበጠብጥ ቀረህ» አለው። ባለቀስቱ ያን ቀን ቤቱ የገባው ደረቱን ነፍቶ ነው። ለእናቱ ሊነግራቸው አፉን በላው፤ ነገር ግን የመቶ አለቃው ለእናትም ለሚስትም ትንፍሽ እንዳይሉ አስምሏቸው ስለነበር ዋጥ አደረገው።

ከድንበሩ የሚመጣው መንገድ ከተማዋ ከመድረሱ በፊት ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ወደ ከተማ ይገባል፤ የግራው ወደ አሮጌው የድንጋይ ካባ ይወስዳል። በመገንጠያው ላይ የቆመው ታፔላ ከባለቀስቱ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በሁለቱም ፊቱ የተጻፈ ስለሆነ ምሰሶው ላይ አሽከርክሮ መልሶ ማሰር ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ብሎኔ ብሎኖቹን ፈታ፤ ተጋግዘው አዞሩት፤ አጠበቁት። ከተማዋ ወደ ካባው ሄደች፣ ካባው ከተማ ሆነ። ሁለት ጎልማሶች ከመሰላሉ ወርደው ጎረቤት አታለው እንዳመለጡ ልጆች ሳቁ።

«ለምን ወደ ካባው እንዲሆን ተመረጠ ግን?» ብሎ ጠይቆ ነበር ባለቀስቱ ቆሞ የሚያሠራቸውን የመቶ አለቃ።

«መንገዱ ሰፊ ነው፤ ከባድ መኪና ይወደዋል» አለ የመቶ አለቃው። ሌላ አልጨመረም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ገበሬ የታፔላውን መዞር አይቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እየሮጠ መጣ። አመስግነው ሸኙት፤ ወሬው ግን አልተሸኘም። «ሰርጎ ገቦች ታፔላ አዞሩ» ተብሎ ከተማው ታመሰ። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ሰርጎ ገቦቹን በዓይኑ እንዳየ፣ አንዱ ደግሞ ጫማቸው የውጭ አገር እንደሆነ ሲምል ሲገዘት ባለቀስቱና ብሎኔ ተያይተው ሳቃቸውን በብርጭቆ ሸፈኑ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል እነሱ ብቻ የሚያውቁት ነገር መኖሩ ራሱ ደስ ይል ነበር።

ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። አንድ ቀን ባለቀስቱ ለምሳ ቤቱ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ ልናገር። ሰፈራችን ገብተዋል። ልንወጣ ነው፣ እኔና አማቴ። ትልቁ ኬላ ተዘግቷል ስላሉን በእርሻው በኩል ነው የምንሻገረው፣ በእግር።»

«ባለቤትሽስ?»

«ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም።»

ባለቀስቱ እጁ ላይ ያለው ሳሙና እየደረቀ ነበር። «መንገዱን ታውቂዋለሽ?» አላት።

«የቱን መንገድ? እኔ የማውቀውን አስፋልቱ በላው፤ እሱ ከተሠራ ወዲህ በአውቶቡስ እንጂ በእግሬ መጥቼ አላውቅ። ግን ታፔላህ አለ አይደል? እሱን እያየሁ እመጣለሁ።»

በስብሰባው ዕለት የመቶ አለቃው «ድንበር የሚሻገር ስልክ ሁሉ ጆሮ አለው፣ የእኛም የእነሱም» ብሏል። ታፔላውን አትመኚ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ሰሚ ቢኖርስ? በገዛ አፉ ያወጣውን ዘዴ በገዛ አፉ ለጠላት ቢያቀብልስ? ከተማ አስበላ ቢባልስ? ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መሀል አለፈ።

«ሰው ጠይቂ» አላት። «እቴ ስሚኝ፣ ሰው እየጠየቅሽ ነይ።»

ሳቀች። በዚያ ሁሉ መሀል ሆና ሳቀች። «ሰው ምን ያደርግልኛል? አንተ ጽፈህልኝ የለም እንዴ?»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ደወለ፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ፣ ስልኩ ተዘግቷል። ቀና ሲል እናቱ ከጓዳው በር ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት፣ እማዬ። እየመጣች ነው።»

«መንገዱ ጠፍቷት እንዳትንከራተት ብቻ።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «ለነገሩ የአንተን ጽሕፈት ታውቀዋለች። በል ተነስ፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋልኝ፤ ከመስኮት ሥር መተኛት ትወዳለች።»

አልጋውን አስጠጋ። ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

ኃላፊውን አገኘው። ኃላፊው ገና «ታፔላ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ተነስቶ በሩን ዘጋና «የኔ ወንድም፣ ይሄ ከእኔ እጅ ወጥቷል፤ የጦሩ ጉዳይ ነው፤ እኔን እሳት ውስጥ አትክተተኝ» አለው። ወደ መቶ አለቃው ሄደ። የመቶ አለቃው የተቀመጠው ጉምሩክ የነበረ ቤት ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ተዘርግቶ፣ ካርታው እንዳይጠቀለል በአንድ በኩል የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላ በኩል የእጅ ባትሪ ተጭኖበታል። ባለቀስቱን አስቀመጠው፤ እስኪጨርስ ሰማው።

«እህትህ አንዲት ናት» አለው በመጨረሻ፣ ሳይቆጣ። «እዚህ ከተማ ውስጥ ማዶ ዘመድ የሌለው ሰው አለ? ለእያንዳንዱ ታፔላ ስናዞርና ስንመልስ ልንኖር ነው? ነገ ማዶ ያለው ጦር ወዲህ ቢል ተጠያቂው ማነው?»

«አንዷን ብቻ ነው የምለው። የመገንጠያውን። ለአንድ ቀን።»

«የመገንጠያውማ ዋናዋ ናት።»

ባለቀስቱ ወደ ካርታው አጎነበሰ። ከዚያ «ወደ ካባው ብትሄድ ምን አለ እዚያ?» ብሎ ጠየቀ።

የመቶ አለቃው ብርጭቆውን ከካርታው ላይ አነሳ፣ ሻዩን አየው፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። «ምንም» አለ። «ካባ ነው።»

እዚህ ላይ ሰውየውን አልፈርድበትም የሚል ካለ እኔ እፈርድበታለሁ፤ ያቺን «ምንም» ለማለት ትንሽ ቆይቷልና። ባለቀስቱ ግን መቆየቱን ሳይሆን ቃሉን ያዘ። ምንም ከሌለ እህቱ ካባው ጋ ደርሳ መንገዱ ሲያልቅባት ትመለሳለች፤ ቢደክም እግሯ ነው። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያባብል አመሸ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ያቺን «ምንም» ይዟት ተኛ።

ሲነጋጋ ግን አላስቻለውም። መሰላሉን ተሸክሞ፣ መፍቻውን ኪሱ ከቶ ወጣ። ከከተማዋ መውጫ ኬላ ላይ ያለው ዘብ ስለሚያውቀው «ወዴት?» ሲለው «ብሎን ላጠብቅ» አለና አለፈ። ጉሙ ወርዶ ከመገንጠያው ወዲያ ያለውን እርሻ ውጦታል። መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ወጣ። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን አላላ። ታፔላው በእጁ ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ትንሽ ገፋ ቢያደርገው ዞሮ ያርፋል። አጭሯ ላባ ከአፍንጫው ሥር ነበረች፤ ጠዛ አርፎባት ታበራለች።

ያኔ ከጉሙ ውስጥ የሞተር ድምፅ መጣ። ከባድ ነው፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በመሰላሉ በኩል ጉልበቱ ላይ ተሰማው። ከድንበሩ በኩል ነው የሚመጣው።

መጡ አለ በሆዱ። እኔ ታፔላውን ላቀናላት ስል መጡ። ቀስቱ ቀና ብሎ ሲመራቸው፣ ታንኩ በዋናው መንገድ ሲገባ፣ ከሻይ ቤቱ ሲታጠፍ፣ እናቱ መስኮቱ ሥር አልጋ ሲያነጥፉ ታየው። እጁ ከእሱ ሳይማከር ብሎኑን መልሶ አጠበቀ። ሁለቱንም አጠበቀ። መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ በመጣበት መንገድ ሲሮጥ ወደኋላ አላየም።

ኬላው ጋ ሲደርስ ድምፁ ከኋላው ደረሰ። የገበሬ ትራክተር ነው፤ ተጎታቹ ላይ ፍራሽ፣ ድስትና ሰው ተቆልሏል። የአገሩ ገበሬ ስለሆነ ታፔላውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ በቀኝ ታጥፎ መጣ። ባለቀስቱ ተጎታቹ ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። እህቱ የለችበትም። ሊመለስ ነበር፤ ዘቡ ግን በዚህ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ያለውን መፍቻ ልብ ብሎ እያየ ነው። ነገ እመለሳለሁ አለ ለራሱ። በእግር ነው ያለችው፣ ዛሬ አትደርስም።

ጋራዡ ሲገባ ብሎኔ ፊቱን አይቶ ጠርጥሯል፤ መሰላሉን ተቀበለውና «ግድ የለም» አለው ቀስ ብሎ። «የፈሪ እናት አታለቅስም።»

ረፋዱ ላይ ባለቀስቱ አዲስ ላሜራ ላይ ነጭ መደብ እየቀባ ነበር። ፍንዳታው ሲሰማ የቀለም ቆርቆሮዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ የሰው ጩኸት። ከተማው «ደረሱ» ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ጎረፈ፤ ሱቆች ዕቃቸውን ደጅ ላይ ትተው ተዘጉ። ብሎኔ እየሮጠ መጥቶ «ና እንጂ፣ ምን ታያለህ?» አለው። ባለቀስቱ ብሩሹን እንደያዘ ቆሟል። ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ጆሮው አልሳተውም። በዚያ በኩል ድንበር የለም፤ በዚያ በኩል ካባ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ጠላት አለመሆኑ ተነገረ። የራሳችን ጦር ለመከላከያ ብሎ የቀበረው ፈንጂ ነው፣ ላም ረግጣው ይሆናል፣ አትደንግጡ ተባለ። ሰው ከምድር ቤቱ እየሳቀ ወጣ፤ ማን ጫማውን ጥሎ እንደሮጠ፣ ማን የሰው ልጅ አንጠልጥሎ የራሱን እንደረሳ ሲተራረብ ዋለ። ባለቀስቱ ያን ሳቅ በጋራዡ ግድግዳ በኩል ሰማው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲስቅ ከሰማ መንገድ ይቀይራል።

ከሰዓት በኋላ የጦር መኪና ደጃቸው ቆመ። የመቶ አለቃው ቀድሞ ወረደ፤ አንዲት አሮጊት ደግፎ አወረደ። ክንዳቸው በፋሻ ታስሯል፣ ፀጉራቸው በነጭ የድንጋይ አቧራ ተሸፍኗል። የእህቱ አማት ናቸው። የባለቀስቱ እናት ከወንበራቸው ተነስተው ሳሟቸው፤ ከዚያ በትከሻቸው በኩል አሻግረው በሩን አዩ። ጠበቁ። የመቶ አለቃው ተከትሎ ገብቶ በሩን ሲዘጋም ገና በሩን ያያሉ።

«እሷስ?» አሉ።

አማትየዋ መስኮቱ ሥር ባለው በተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እንባ አልወጣቸውም። ነገሩን የተናገሩት በቀስታ ነበር፣ አንዱ ቃል አንዱን እየጎተተ።

«መገንጠያው ጋ ከብት የሚነዱ ሽማግሌ አገኘን። ብዙ ነን፣ ከኋላም ከፊትም ሰው አለ። ሽማግሌው 'በቀኝ ሂዱ ልጆቼ፣ ይሄ ታፔላ ውሸታም ነው' አሉን። ሰዉ እሳቸውን ተከተለ። እኔም ልከተል ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ታፔላውን አየችና ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆነኝ። ጣቷን ዘርግታ አንዲት አጭር ላባ አሳየችኝ። 'እማማ፣ ይሄ የወንድሜ እጅ ነው። አገሩ ሁሉ ቢዋሽ የወንድሜ እጅ አይዋሸኝም' አለችኝ። ሽማግሌውንም 'አባባ፣ እርስዎ ተሳስተው ነው' አለቻቸው፤ እንዳይቀየሙ በትህትና። ከዚያ እጄን ይዛ በግራ ሄድን። ካባው ጋ ስንቃረብ ቤቱ የደረሰ መስሏት ለቀቀችኝና ቀደመችኝ። ቸኩላ ነበር።»

እናትየው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ማነው ያዞረው?» አሉ። «ልጄ የጻፈውን ማነው ያዞረው?»

ባለቀስቱ አፉን ከፈተ። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር፣ ይህን እመሰክርለታለሁ።

«ሰርጎ ገቦች ናቸው፣ እናቴ» አለ የመቶ አለቃው። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር። «ቀደም ብሎም ጥቆማ ደርሶን ነበር።»

ባለቀስቱ አፉን ዘጋ። እህቱን በማግሥቱ ቀበሯት፤ ብሎኔ ከመቃብሩ ወዲያ ቆሞ አለቀሰ፣ ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም። የፈሪ እናት አታለቅስም ያለው ማን እንደሆነ እንጃ፤ የዚህኛው ፈሪ እናት ግን አለቀሱ፣ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ አለቀሱ።

የተፈራው ጦር አልመጣም። ማዶ ያለውን አገር ሲያምስ ከረመና ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። በዚያ ታፔላ የተሳሳተ አንድም ወታደር የለም። ባለቀስቱ ግን ሰላም አላገኘም። ሥራ ክፍሉ ውስጥ ቀስት መሳል ሲጀምር ከጎኑ ቆርቆሮ የያዘ ሰው ያለ እየመሰለው ይዞራል። ክርኑን የሚነካው ነገር አለ፤ ነፋስ ነው ይላል፣ መስኮት ግን የለም። አማትየዋ መሄጃ ስለሌላቸው እዚያው ቤት ቀሩ፤ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ይተኛሉ። ደግ ናቸው፣ ልብሱን ይተኩሱለታል፤ ምንም አይጠረጥሩም። አንዳንዴ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል የተኙትን እህቱ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሲነቃቁ ደግሞ አሮጊት ይሆናሉ። በየማለዳው ከአልጋው እንደተነሳ ሊናገር ይወስናል፤ እንጀራ ፍለጋ እንደሚሮጥ ሰው ቸኩሎ ይወጣና ማታ ሲመለስ ቃሉ የለም።

ፍርሃቱ ሲረግብ ታፔላዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ ተባለ። የመገንጠያው ዝናብና አቧራ ስለበላው በአዲስ እንዲተካ ተወሰነ። ባለቀስቱ አዲሱን ጻፈ። ፊደሉ ቀና፣ ቀስቱ ተዘረጋ። አንደኛዋን ላባ ሳለ፣ ሁለተኛዋን ሳለ። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ እጁ እንደለመደው በግማሽ ቆመ። ብሩሹን አንስቶ ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ ጎትቶ እኩል አደረጋት። አሁን የእሱ ለመሆኗ ምንም ምልክት የለም፤ ማንም የጻፋት ታፔላ ናት። ከብሎኔ ጋር ሄደው ሰቀሏት፤ ሲሠሩ መፍቻ ስጠኝ፣ ያዝልኝ ከማለት በቀር አልተነጋገሩም።

ሲመሽ ቤቱ ገባ። እናቱ ሽታውን ቀድመው ስለሰሙ ወንበራቸው አጠገብ ቦታ አዘጋጅተውለት ነበር። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ እሱን ሳይመርቁት አይተኙም።

«ዛሬ ያቺን አቀናሃት አሉኝ» አሉት። «ና፣ እጅህን አምጣ።»

ቀኝ እጁን ሰጣቸው። ጥፍሩ ሥር ጥቁር ቀለም ነበረው። እናትየው በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፣ ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

«ልጄ እስከ መጨረሻዋ ያመነችው ይህን እጅ ነው። እሱን አስባ እየሳቀች ነው የሄደችው። ይህ እጅ ይባረክ። አይድከም፣ አይታመም።»

«አሜን» አሉ አማትየዋ ከአልጋው ላይ።

«አሜን» አለ ባለቀስቱ።

እናትየው እጁን አልለቀቁም። «ያቺን ታፔላ ያዞረው እጅ ግን» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ይድረቅ። ውሃ እንኳ አንስቶ መጠጣት ይቸገር። የሠራው ሥራ በሄደበት ሁሉ ይከተለው።»

«አሜን» አሉ አማትየዋ።

እናትየው ጠበቁት፤ ከዚያ እጁን በቀስታ ጫን አደረጉት።

«አሜን በል እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

«አሜን» አለ።